ልብሱን ያወለቀ ሞተር

በሙሉ ጤንነቴና በገዛ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የምሰጠው ቃል ይህ ነው፦ በ1993 ዓ.ም. በጅግጅጋ ከተማ አንድ ሞተር ብስክሌት ፕላስቲኩን አወለቀ።

ይኸው ነው። የመሠረት ድንጋይ አልተጣለም፤ ከአዲስ አበባም እንግዳ አልመጣም። አንድ ሞተር ላዩ ላይ የነበረውን ቀይ ፕላስቲክ አጣና አጥንቱ ታየ። ዛሬ ግን አስፋልቱ ዳር ቆማችሁ ብታዩ፣ ከሚያልፉት ትልልቅ ሞተሮች ግማሾቹ እንደዚያው ናቸው። የፊት ፕላስቲካቸው ተነቅሏል፤ መብራታቸው እንደ አንድ ዓይን ብቻውን ተንጠልጥሏል፤ መሪያቸው ቀና ብሏል፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታቸው አጥሮ ይጮኻል። ልጆቹ "ቃዋን" ይሉታል፤ በሶማሊኛ ራቁት ማለት ነው። ለምን እንደሚወዱት ስትጠይቋቸው አንዱ "ይቀላል" ይላል፤ አንዱ "ንፋስ ያገኛል" ይላል፤ ሌላው "ድምፁ!" ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ የአባቴን የመለዋወጫ ሱቅ ወርሼ ከባንኮኒው ጀርባ ስለምቀመጥ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ራሴንም እነቀንቃለሁ። ምክንያቶቹን በሙሉ አውቃቸዋለሁ። ሲፈጠሩ እዚያው ነበርኩ።

ሞተሩ የባሬ ነበር። ባሬ የጎረቤታችን የኤዶ ኤብላ የበኩር ልጅ ነበር። (ይህቺን "ነበር" ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።) ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንዲያ ነበር የሚጠራት። ገበያ ውስጥ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። አንድ ዓይኗ ከድሮ ጀምሮ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል። ገበያተኛውን የምትለየው በድምፁ፣ ልጆቿን በእርምጃቸው፣ ባሬን ደግሞ በሞተሩ ነበር።

ጅቡቲ የነበረ አንድ የፈረንሳይ ወታደር አገሩ ሲገባ ጥሎት የሄደ ሞተር ነው ተባለ። በሽንኩርት ጆንያ ተሸፍኖ በባቡር መጣና አዲጋላ ጣቢያ ላይ ወረደ። ባሬ ከአዲጋላ በሽንሌ፣ ከዚያ በድሬዳዋ፣ ከዚያ በካራማራ ጠመዝማዛ አድርጎ ጅግጅጋ ሲያስገባው ከነሄልሜቱ ነበር። በዚያን ጊዜ እኛ ከተማ ውስጥ ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ወይ ፈረንጅ ነው ወይ ደግሞ ሊሞት የፈለገ ነው ይባል ነበር። ሞተሩ ፊቱ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ፣ መላ አካሉ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ቡሎን እንኳን የማይታይበት ነገር ነው። የአማራ ሽማግሌዎች "ዱቅዱቄ" አሉት፤ የሶማሌ ሽማግሌዎች "ዱግዱግሌ" አሉት። ሁለቱ ወገኖች ያለ ስብሰባ የተስማሙበት ብቸኛ ቃል ይመስለኛል።

ባሬ አመሻሽ ላይ በበራችን ሲያልፍ ክላክሱን አንዴ አጭር፣ አንዴ ረዥም ያደርገዋል። ኤዶ ኤብላ ይህን ስትሰማ ራት ታቀርባለች።

በዚያ ዓመት ሐረር ወስደው የዓይን ቀዶ ጥገና አስደረጉላት። ሐኪሙ ሸፍኖ ሲልካት ሦስት ነገር ከለከላት፦ እንዳትጎነብስ፣ አቧራ እንዳይነካት፣ እንዳታለቅስ። የጅግጅጋን ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ብቻውን ቀልድ ነው። ሦስተኛውን ግን ሐኪሙ ጠበቅ አድርጎ ተናገረ አሉ፤ ከሽፋኑ በታች እንባ ከወረደ ሁለተኛ ብርሃን አታይም አለ። የዓይን ጠብታው ሐረር እንጂ ጅግጅጋ ስላልተገኘ፣ ሲያልቅ ባሬ ሄዶ አመጣላት።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። ባሬ ጠብታውን አላመጣም። ካራማራ ላይ፣ ከፊቱ የመጣውን የጫት መኪና ሲሸሽ ወደቀና እዚያው ቀረ። ጠብታው ኪሱ ውስጥ ሳይሰበር ተገኘ። በሃይማኖቱ ወግ በዚያው ቀን ተቀበረ፤ ለቅሶውም ከተማው ማዶ፣ የኤብላ ወንድም ኑር ቤት ተቀመጠ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ከእናቴ ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ወሬ አይዝም ተብሎ ከኤዶ ኤብላ ጋር ከእኔም አብሮ ተደበቀ።

ያኔ የማውቀው ግን ሌላ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቃችን ውስጥ ከተደረደሩት ጎማዎች መሃል ተኝቻለሁ። የጎማ ሽታ ስለምወድ ያ ቦታ የእኔ ነበር። አባቴ ወልደሥላሴና ኑር ገቡ። ከኋላቸው መካኒካችን ሀብተየስ፣ ከሀብተየስ ኋላ ደግሞ የባሬ ታናሽ ወንድም ዋበሪ። ዋበሪ ልብስ ሰፊ ነው። ሞተር ላይ መውጣት ይቅርና፣ አስፋልት ስንሻገር እጄን ሲይዘኝ እኔን ለመጠበቅ ይሁን ራሱን አልለየሁትም ነበር።

"እኛ ዘንድ ይህ አይደበቅም፣" አለ ኑር። "ይነገራል፣ አለቀ።"

"መርዶው ይቆይ ነው የምልህ፣" አለ አባቴ።

"መርዶ ምንድነው?"

"መርዶ… መርዶ ነዋ! በእኛ አገር ዝም ብሎ አይዘረገፍም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቀስ ተብሎ… ሰው እስኪዘጋጅ ይጠበቃል።"

"ሰው ለዚህ ይዘጋጃል?"

አባቴ "ዓይኗን አስብ፣ ኑር፤" አለ። "ሐኪሙ እስኪፈታላት ነው። አሁን ባሬ ሞተ—" ከጎማው የወጣውን እግሬን አየ፤ "—ሩ! ሞተሩ! የባሬ ሞተሩ እንዴት ነው፣ ሀብተየስ?"

"ሞተሩማ አለ፣" አለ ሀብተየስ ወደ መሬት እያየ። "ፕላስቲኩ ነው ያለቀው።"

ለእኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። የባሬ ሞተር ተበላሽቷል። መርዶ የሚባለው ዕቃ ደግሞ ከጅቡቲ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሱቃችን ውስጥ "ይቆይ" የሚባል ነገር ሁሉ ወይ ካንዴላ ነው ወይ ፍሪሲዮን፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈለግሁ። መርዶ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ አዋቂዎቹ እኔ ስገባ ያንኑ ያደርጉ ነበር። "ሞተ…" ይሉና እኔን ሲያዩ "ር" ይጨምሩበታል። እናቴ እናትአለም ከጎረቤት ጋር ስትንሾካሾክ "ልጁ እንዲያው በዚያ ዕድሜው ሞተ…ር ይዞ" ስትል ሰምቻታለሁ። ሰው ለአንድ ሞተር ይህን ያህል ማዘኑ ገርሞኝ ነበር።

ኤዶ ኤብላ ግን ማምሻውን መስማት ጀመረች። "የባሬ ድምፅ የለም፣" አለች። በማግስቱም እንዲሁ አለች። እጇ ወደ ሽፋኑ ሲሄድ እናቴ ያዘቻት። ያን ጊዜ ነው ሀብተየስ ሞተሩን ያስነሳው፤ ዋበሪም ከቄራው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ መንዳት የተማረው። ለምን እሱ እንደተመረጠ ግልጽ ነው፤ ከሩቅ ቁመናው የባሬ ነው። ፕላስቲኩ ተሰባብሮ ስላለቀና ሌላ ስለማይገኝ ሀብተየስ ራቁቱን ተወው። የተጣመመውን መሪ ጥሎ ከአንድ የእርሻ ቢሮ አሮጌ ሞተር ላይ የተነቀለ ቀጥ ያለ መሪ ገጠመለት። መብራቱን በሽቦ አሰረው። ስብርባሪው ቀይ ፕላስቲክ በጆንያ ሆኖ ጓሯችን ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬም እዚያው አለ።

የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ የኤዶ ኤብላ ግቢ ውስጥ ነበርን። ነፋሱ ከካራማራ በኩል ይመጣል፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ይማታል። እናቴ ምስር ትለቅማለች። ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣ፤ እንደ በፊቱ የታፈነና የለሰለሰ አልነበረም። ጉሮሮውን የተገለጠ እንስሳ ይመስላል። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና በበሩ ሲያልፍ አየሁት፦ ሄልሜት ያደረገ ሰው፣ ፊት የለውም፤ በታቹ ብረትና ሽቦ ብቻ የሆነ ነገር። ክላክሱ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረዥም ጮኸ። የእናቴ ምስር መሬት ላይ ተበተነ። አማተበች። ሞተር ሲያልፍ አማትባ አታውቅም።

"ባሬ ነው?" አለች ኤዶ ኤብላ።

"ባሬ ነው!" አልኩ እኔ። ከሁሉም ቀድሜ። ሄልሜቱ የእሱ ነው፤ ከጎኑ አዲስ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት አምሯል። ጌጥ ነበር የመሰለኝ።

"ለምን አይገባም?"

"አቧራ ነዋ!" አለች እናቴ ምስሩን እየሰበሰበች። "ከድንበር፣ ከቶጎ ውጫሌ ነው የሚመጣው፤ አቧራ ብቻ ነው። ሐኪሙ አቧራ እንዳይነካሽ አላለም? ላንቺ ብሎ ነው ኑር ቤት የሚያድረው።"

"ለዓይኔ ያስባል። ዋበሪስ?"

"መስጊድ።"

"ዋበሪ መስጊድ!" አለች ኤዶ ኤብላ። "ማሻአላህ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሬ ባለፈ ቁጥር ዋበሪ መስጊድ ነው። ሰፈሩ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ሰጋጅ የለም ተባለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ኤዶ ኤብላ እንዲህ አለች፦ "የሞተሩ ድምፅ ለምን ተለወጠ?" ጥያቄው ለአባቴ ደረሰ። አባቴ ሲጨንቀው መነጽሩን ያወልቃል። አወለቀና፣ "ፋሽን ነው በሏት፤" አለ። "በውጭ አገር አሁን እንዲህ ነው የሚነዱት።"

ይህ ቃል ከግቢው ወጥቶ ወደ ከተማው ገባ። አንድ ቀን ፋሩቅ የሚባል የጨርቃጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ከድሬዳዋ የሚመላለስ፣ የአካባቢውን ሐዘን የማያውቅ፣ ሰማያዊ ሞተሩን ሱቃችን ፊት አቆመ። ሞተሩ አዲስ ነው፤ ስቲከሩ እንኳ አልተላጠም። ዋበሪ ማምሻውን እየጠበቀ፣ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ለባሬ የሚይዝለት ነበር የመሰለኝ።

"ጋሼ፣ ያ አመሻሽ ላይ የሚያልፈው ሞተር ምን ዓይነት ነው? ራቁቱን የሆነው።"

አባቴና ሀብተየስ ተያዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አዲስ ሞዴል ነው፣" አለ ሀብተየስ።

"ፕላስቲኩን ለምን አወለቁት?"

"ይቀላል።"

"ምን ያህል ይቀላል?"

"በጣም።"

"ንፋስም ያገኛል፣" አለ አባቴ መነጽሩን እያወለቀ። "በዚህ ሙቀት ሞተሩ ይታፈናል።"

"ጅግጅጋ እኮ ብርድ ነው፣ ጋሼ።"

"ለሞተር ነው የምልህ። ላንተማ ብርድ ነው።"

ፋሩቅ አልጠገበም። "እሺ ድምፁስ?"

ሀብተየስ ጨርቁ ላይ እጁን መጥረግ ጀመረ። መልሱ ከጥግ መጣ። ዋበሪ ሱቅ ውስጥ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"ፕላስቲክ ሲኖረው፣" አለ፣ "እሱ የሚሸከምህ ይመስልሃል። ታምነዋለህ። ሲራቆት ግን አጥንቱ ጉልበትህ ስር ሲንቀጠቀጥ ታየዋለህ። ምን ላይ እንደተቀመጥክ ታውቃለህ።"

"እና ይህ ያስፈራል እንጂ ይማርካል እንዴ?"

"ያስፈራል፣" አለ ዋበሪ። "በማግስቱ ግን ተመልሰህ ትወጣበታለህ።"

ፋሩቅ ሄልሜቱን አየ፤ ነጩን ፕላስተር አየ፤ የዋበሪን ፊት አየ። ከዚያ ወደ ሀብተየስ ዞረና "የእኔንም ቃዋን አድርግልኝ፣" አለ። ሀብተየስ ያን ሰማያዊ ፕላስቲክ ሲነቅል እጁ እንደ መቃብር ቆፋሪ ከበደ። የፋሩቅን ያዩ ጓደኞቹ መጡ፤ የእነሱን ያዩ ደግሞ ሌሎች መጡ። ጓሯችን የሞተር ቆዳ የሚሰጣበት ቄራ መሰለ። እነዚህ ልጆች ያልወደቀ ሞተራቸውን የወደቀ አስመሰሉት። በቅርቡ በስልክ ሳይ ውጭ አገርም ይህንኑ እንደሚያደርጉና የራሱ ስም እንዳለው አወቅሁ። እዚያም መጀመሪያ የነበረው አንድ የወደቀ ሰውና የሚተካ ፕላስቲክ ማጣቱ ነው ይላሉ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ሳያውቅ እውነት መናገሩን እነግረው ነበር።

ጠብታውን የማንጠባጥበው እኔ ነበርኩ።

"አንተ መላይካ፣ ና!" ትለኛለች ኤዶ ኤብላ። ስሜ መልአክ ነው፤ በእሷ አፍ መላይካ ሆኗል።

"ኤዶ፣ 'አንተ' ለወንድ ነው። እኔን 'አንቺ፣ ነይ' ነው የምትይኝ።"

"አንቺ፣ ና።"

"ነይ!"

"ነይም ልበልህ ናም ልበልህ፣ መምጣትህ አይቀርም።"

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በአማርኛ አንደኛ። ሰፈሩ ውስጥ ያልታረመ አማርኛ እንዲያልፍ አልፈቅድም ነበር።

ያን ከሐረር የመጣውን ጠብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍት ጠርሙሷን ከእጄ ወሰደችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። "ቤንዚን ይሸታል፣" አለች።

"ባሬ ነዋ ያመጣው!"

"ሌላስ ምን ይሸታል?"

አሸተትኩ። "ትንሽ ብረት ብረት ይላል።"

ጠርሙሷን በመዳፏ ጨብጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች፤ ሽፋኑን አነሳሁ፤ የታችኛውን ቆብ ሳብ አደረግሁ፤ አንጠባጠብሁ። ዓይኗ ቀይ ነበር፣ ግን ደረቅ። በጣም ደረቅ።

"ባሬ ጥሩ ልጅ ነበር፣" አለች።

"'ነበር' አይባልም፣ ኤዶ።"

"ምን ይባላል?"

"'ነው'። 'ነበር' ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ላለፈና ላለቀ ነገር ነው። አሁንም ላለ ነገር 'ነው' ነው የሚባለው። ባሬ ጥሩ ልጅ ነው። በይ።"

"ባሬ ጥሩ ልጅ ነው።"

"ጎበዝ!"

"እሺ፣ መዓሊን፣" አለችኝ። መዓሊን አስተማሪ ማለት ነው፤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ግን ተሳሳተች። "ባሬ ልጅ ሆኖ ወተት አይወድም ነበር፣" ስትል አላረምኋትም፤ እሱ ልክ ነው፣ ስለ ልጅነቱ ነው። ቀጠለችና "ሳቁ ደስ የሚል ነበር፣" አለች። አረምኋት። "እናቱን ይወድ ነበር፣" አለች። አረምኋት። በየቀኑ ጠብታውን ሳደርግላት እሷ አንድ "ነበር" ትላለች፤ እኔ አርማታለሁ፤ እሷ አመስግና "ነው" ትላለች። ቤት ገብቼ "ኤዶ ኤብላ ነውና ነበር አልገባትም" ብዬ ስናገር የእናቴ ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ወደቀ።

"ሶማሌ አይደለች?" አለ አባቴ ፈጠን ብሎ። "አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ትሳሳታለች። አትጨቅጭቂያት።"

የአባቴ ማብራሪያ ሁላችንንም አረጋጋን።

አንድ ጁምዓ ቀን ደግሞ ላሖሕ ጋግራ፣ የእነሱን ስስ እንጀራ ማለቴ ነው፣ በቴምር ሞልታ አሸከመችኝ። ቁርአን ቤት ላሉት ልጆች ውሰድላቸው አለችኝ። "ስለ ባሬ ነው በላቸው።"

"ባሬ ምን ሆነ?"

"መንገደኛ ነው።"

መንገደኛ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ቶጎ ውጫሌ ይመላለሳል። ቁርአን ቤት ስደርስ መምህራቸው ሳህኑን ተቀብሎ ልጆቹን አስቆመና ረዥም ነገር አስቀራቸው። ለአንድ ሳህን ቴምር የሚባል የምግብ ጸሎት መስሎኝ፣ እነዚህ ሰዎች ሲበሉ እንዴት ይቆያሉ ብዬ ተገረምሁ። ለሙታን የሚቀራ እንደሆነ የነገረኝ ዋበሪ ነው፤ ያውም ልጆቹን ከወለደ በኋላ።

ዋበሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር። እየቆየ ተለወጠ። ወገቡ ተለመጠ። መስጊዱ ጋ ያለውን መታጠፊያ ባሬ በሚያጋድለው ልክ ማጋደል ጀመረ። ቀን ቀን ልብስ ስፌቱ ውስጥ ሲጠሩት አይሰማም፤ አመሻሽ ላይ ግን ሞተሩ ላይ ሲወጣ ትከሻው ይሰፋል። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ልጅ ወንድሙን የሚያገኝበት ሌላ ቦታ አልነበረውም።

አንድ ምሽት አባቴ ሱቁን ሲዘጋ ሞተሩ በአጠገባችን ተወንጭፎ አለፈ። አባቴ እጁን አንስቶ ከልቡ ጮኸ፦ "ባሬ! ቀስ በል እንጂ፣ አንተ!"

ሞተሩ አልፎ ሄደ። የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቁልፉን ቆለፈ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ቆለፈ። እኔ ምን እንደነካው አልገባኝም፤ ባሬን ባሬ ቢለው ምን ነውር አለው? ቤት ስንገባ እናቴን ወደ ጓዳ ወስዶ ሲነግራት ሰማሁ፤ "ዛሬ ራሴ ጠራሁት፣ እናትአለም። በስሙ ጠራሁት።"

"ሐኪሙ ቶሎ ይፍታላትና እንገላገል፣" አለች እናቴ። "ይህ ልጅ ደግሞ ተከትሎት ሳይሄድብን።"

ሐኪሙ ፈታላት። ኑር ሐረር ወስዶ መለሳት፤ ዓይኗ በራ ተብሎ ሰፈሩ እልል አለ። ኑር ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። ስትመለስ ካራማራ ላይ፣ ቀይ የፕላስቲክ ስባሪ የቀረበት አንድ መታጠፊያ ጋ፣ ሾፌሩን "እዚህ ጋ ቀስ በል" አለችው አሉ። በመስኮቱ ወደ ዳገቱ ስታይ ቆየች፤ ኑር ግን ለምን እንደሆነ አልጠየቀም።

አባቴ መርዶውን እንደ አገሩ ወግ አሰናዳ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ለብሶ፣ ኑርን፣ ሀብተየስንና ጥቂት ሽማግሌዎችን ይዞ ወደ ኤዶ ኤብላ በር ሄደ። እኔም ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተከተልሁ፤ መርዶ የሚባለው ዕቃ በመጨረሻ ደረሰ ሲባል ሰምቼ ላየው ፈልጌ ነበር። ዋበሪ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሄልሜቱ በእጁ ነው። ሞተሩን ማታ ወደሚደብቅበት ቦታ መውሰዱን ረስቶ ይሁን ሆን ብሎ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል።

በሩ ተከፈተ። ኤዶ ኤብላ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ እንደሚጠብቅ ሰው ወጣች። በአንዱ ዓይኗ ሁላችንንም በተራ አየችን። የአንዳንዶቻችንን ፊት የምታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ እኔን ስታይ ፈገግ አለች። ከዚያ ሞተሩን አየች። ማንንም ሳትጠይቅ ወደ እሱ ሄደች። ዙሪያውን ዞረችው። በሽቦ የታሰረውን መብራት፣ ሀብተየስ የበየደውን አንገት፣ አስፋልት የፋቀውን የቤንዚን ታንክ በጣቷ ዳሰሰች። እኛ ለሳምንታት "ፋሽን ነው" ያልነውን ነገር እሷ እንደ ሰው ገላ ነበር የምትዳስሰው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ንግግሩን አጥንቶ ነበር፤ መነጽሩን አወለቀ።

"ኤብላ… እንግዲህ… ዓይንሽም በርቶልናል፣ ተመስገን። እንግዲህ ሰው ሆኖ… ባሬ… ባሬ እኮ እንዴት ያለ ልጅ ነው… እናቱን የሚወድ ልጅ ነው…"

"ነበር፣" አለች ኤዶ ኤብላ።

"እ?"

"'ነው' አይባልም፣ ወልዴ። ነበር በል።"

ነፋሱ የበሩን ጨርቅ አማታው። ኑር ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ኤዶ ኤብላ እጇን ከታንኩ ሳታነሳ ወደ እኔ ዞረች።

"መዓሊን፣ ልክ ነኝ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዋበሪ ሄልሜቱን በሁለት እጁ እንደ ሳህን ይዞ ዞረ። ነጩን ፕላስተር አየሁት፤ ከጠርዙ ተልጦ ነበርና ከስሩ ያለው ስንጥቅ ታየኝ። እስከ ውስጥ ድረስ የገባ ስንጥቅ። ትምህርት ቤት የተማርኩት መልስ አንድ ብቻ ነበር።

"ልክ ነሽ፣" አልኋት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሐኪሙ የከለከላትን አደረገች፤ ቀስ ብላ ጎነበሰችና ግንባሯን ታንኩ ላይ፣ አቧራው ላይ አሳረፈች።